ዶላሞን ማን አደረቀው?

በጂንካ ከተማ፣ በጥር ወር፣ በቀትር ካፖርት ለብሶ ከሥራ የሚወጣ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱም ባሌ ነው። ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ በአውሮፕላን ሜዳው ዳር ጥላ ጥላውን ሲሄድ፣ ዶላሞ አንገቱን ቀብሮ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይመጣል። የሰፈር ልጆች "ጋሼ ዶላሞ፣ ዛሬስ በረዶ ጣለ?" ይሉታል። ቆም ብሎ፣ ሰማይ ሰማዩን አይቶ፣ "ጠዋት ጥሎ ነበር፤ አሁን አባርቷል" ይላቸዋል። ቀልድ አያልፈውም።

ይህን ስጽፍ ልጃችን ሐና ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ጉልበቴ ላይ ካልተቀመጥኩ ብላ እስክሪብቶዬን ትነጥቀኛለች። የዘጠኝ ወር ሕፃን ሳለች ግን ከእጄ ልትወሰድ አንድ ሐሙስ ነበር የቀራት። ምክንያቱም የአባቷ ቆዳ ነው። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልናገር።

በ1978 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የከብት በሽታ የሚያጠና አንድ ፕሮጀክት ጂንካ ላይ ቢሮ ከፈተ። ከሐመርና ከአርቦሬ ከብቶች ጆሮ ደም ይቀዳና በቀጭን መስታወት ላይ ተቀብቶ ይመጣል፤ እዚህ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዶላሞ ከጂንካ ወጣ ብላ ያለችው የደጋዋ ገዘር ልጅ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሷል፣ የእጅ ጽሑፉ ደግሞ ያምራል። በጽሑፉ ተቀጠረ። ሥራው በየመስታወቱ ላይ ቁጥር መለጠፍ፣ ያንኑ ቁጥር በመዝገብ መጻፍ ነው።

ማይክሮስኮፖቹ ያሉበት ክፍል መስኮቱ ላይ ኤርኮንዲሽን ተገጥሞለታል። ሰው እንዲመቸው ተብሎ አይደለም። በጂንካ ዝናብ የማይክሮስኮፑ መስታወት ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል አሉ። ስለዚህ ያ ማሽን በጀነሬተር ቀንም ሌትም እየሠራ አየሩን ያቀዘቅዛል፣ እርጥበቱንም ይመጥጣል። የመጠጠውን በጓሮ በኩል በቱቦ ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ዶላሞ መጀመሪያ ሰሞን ተገርሞ "የሺ፣ እንደ ላም አየሩን ያልበዋል እኮ" አለኝ። የሚያልበው አየሩን ብቻ አለመሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

በዚያ ክፍል የሚሽከረከር ወንበር አለ። የክፍሉ ኃላፊ ወገቡን ስለሚያመው የእንጨት ወንበር ይመርጣል፤ ስለዚህ ዶላሞ የሚሽከረከረውን ወረሰው። ወርሶም ዝም አላለም፤ ከማሽኑ ፊት ለፊት፣ ነፋሱ ግንባር ግንባሩን በሚለው ቦታ አስቀመጠው።

"ለምን እዚያ?" አልኩት።

"እንግዳ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው እዚያ የተቀመጠውን ነዋ።"

ሁለት ወር ሳይሞላ ቅልጥሙ ነጣ። ቀጥሎ ክርኑ፣ ቀጥሎ የእጁ ጀርባ፣ ቀጥሎ ፊቱ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ በሳቀ ቁጥር ይደማል፤ መሳቅ ደግሞ አይተውም። አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ እግሩን ሲታጠብ ቅልጥሙ ላይ 47 የሚል ቁጥር አየሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የመስታወት ቁጥር ነው። መዝገቡ ራቅ ሲልብኝ እዚህ እይዘውና በኋላ እገለብጠዋለሁ። በጥፍር ጫር ስታደርጊው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ እርሳስ አይፈልግም።"

"አንተ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ነህ?"

"ኃላፊው እንኳ አድንቆታል" አለ፣ እግሩን እያዟዟረ እያሳየኝ።

እሱ ይሳቅ እንጂ ለእኔ ነገሩ ሳቅ አልነበረም። በእኛ ሰፈር አንድ ባለትዳር ሰው አመድ መስሎ ሲታይ "አየሩ ነው" የሚል የለም። "ሚስቱ ምን ነካት?" ነው የሚባለው። ቅቤ ነፍጋዋለች፣ ምግብ ነፍጋዋለች፣ ወይም ተኳርፈዋል። መጀመሪያ አፍ ያወጣችው በራፏ ላይ ጨውና በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤቴ ተናኜ ናት።

"የሺዬ፣ ሰውየሽ አመዱ ቡን አለ።"

"ሥራው ነው፣ ተናኜ።"

"ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው? የኔው ሰውዬ ድንጋይ ሲፈልጥ ውሎ ፊቱ እንደ ሎሚ ያበራል።"

"ማሽን አለ እዚያ። ያደርቃል።"

"እሺ" አለች።

ያ "እሺ" ከስድብ ይከፋል። ማታውን በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ልካልኝ ነበር። ቅቤውን ከማን እንዳመጣችውና ለማን እንደምትሰጠው ግን ለመንገዱ ሁሉ ነግራ ነው የላከችው።

ዶላሞ ያንን ቅቤ ከግንባሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተቀብቶ ሥራ ገባ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሲመጣ ኃላፊው በደስታ ሊያብድ መድረሱን ነገረኝ። በከብቶቹ ደም ውስጥ ክብ ክብ፣ የሚያብረቀርቁ፣ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፉ ነገሮች አግኝቷል። በሐመር ከብት ደም ውስጥ አሉ፤ በአርቦሬም ከብት አሉ። ሁለት ገጽ ሙሉ ሥዕላቸውን ስሏል። በማግስቱ ደም ጭራሽ ባልተቀባ መስታወት ላይም አገኛቸው። ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ የዶላሞን አውራ ጣት ያየው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ "ቅቤ ተቀብቶ መግባት ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጽሑፉ በጣም ያምር ነበር። የጻፈው ዶላሞ ነው።

በዚህ መሐል ነው አማቴ እማማ ቦሼ ለቅዳሜ ገበያ ከገዘር የመጡት። ጎደሬያቸውን ሸጠው፣ የቀረውን ተሸክመው ቤት ገቡ። ዶላሞ ሊስማቸው ጎንበስ ሲል ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ አልለቀቁትም። ከዚያ እጅጌውን ሰቅለው በጥፍራቸው ክንዱ ላይ አንድ መስመር ጫሩ። መስመሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። ልጃቸውን በቋንቋቸው፣ በአሪኛ፣ ረጅም ነገር ተናገሩት። ከዚያ እኔ እንድሰማው በአማርኛ ዞሩ።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ የሰጠሁሽ ልጅ እርጥብ ነበር።"

"እማማ፣ ማሽኑ ነው ያደረቀው።"

"ማሽን እህል ይፈጫል። ማሽን ሰው አያደርቅም።"

"እማዬ፣ እውነቷን ነው" አለ ዶላሞ። "ብርድ ያወጣል።"

"ገዘርም ብርድ አለ። አባትህ በብርድ አርሶ፣ በብርድ አርጅቶ ሞተ፤ አመዳም ነበር?" አሉና ወደ ሐና ዞሩ። ሐና ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የጎደሬ ልጣጭ ትግጣለች። እግሯን አገላብጠው አዩ። "ይቺ ገና አልደረቀችም። ይዣት እሄዳለሁ። ልጄን ያደረቀች የልጅ ልጄን አታሳድግም።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሐና የምትታዘልበትን ብርድ ልብስ ከገመድ ላይ አውርደው ያጥፉ ጀመር። ዶላሞ ብርድ ልብሱን በአንድ ጫፍ ያዘ፤ እሳቸው በሌላው ጫፍ። በመጨረሻ "ሽማግሌ ይየው" ተባለና ብርድ ልብሱ ተቀመጠ።

እሑድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። ሁለት ናቸው። አንዱ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጋሽ ውባየሁ፣ ሁለተኛው የዶላሞ አባት ወዳጅ የነበሩት አቶ አንጁሎ። ጸሎት አድርገው ተቀመጡ። አቶ አንጁሎ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ።

"ልጆቼ፣ በምን ተጣላችሁ?"

"አልተጣላንም፣ አባቴ" አለ ዶላሞ።

አቶ አንጁሎ ወደ ጋሽ ውባየሁ ዞር አሉ። "የተጣላ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው።"

"ሁልጊዜ" አሉ ጋሽ ውባየሁ።

"የምር አልተጣላንም" አልኩ እኔ።

"ተያይዘው ነው የሚክዱት" አሉ ጋሽ ውባየሁ አዝነው። "ከባድ ጠብ ነው ማለት ነው።"

እውነቱን ለመናገር ሽማግሌ ፊት ክርክር ማብዛት ነውር ነው፤ የተቀመጡት ደግሞ ሳያስታርቁ አይነሱም። አንድ ሰዓት ያህል "አልተጣላንም" ስንል ቆይተን ዶላሞ ደከመው። "እሺ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው" አለ። በምን እንደሆነ አልተጠየቀም። አስነስተው አሳቅፈውን፣ ከአንድ ሳህን ቆጮ በጎመን እንድንጎራረስ አደረጉን። ካላስቀየምኩት ባሌ ጋር ስታረቅ ሳቄ መጣ፤ ዶላሞም አይቶኝ ሳቀና ከንፈሩ ደማ። እማማ ቦሼ ደሙን በጣታቸው ለሽማግሌዎቹ አሳዩ።

ስለዚህ ብያኔው እንዲህ ሆነ። እስከ ቅዳሜ ድረስ የዶላሞ አመድ ከተወገደ ሐና እናቷ ጋ ትቀራለች። ካልተወገደ ከአያቷ ጋር ገዘር ትሄዳለች፤ አባቷ እስኪወዛ ድረስ። እማማ ቦሼም እስከዚያ ድረስ ከእኛው ጋር ይሰነብታሉ፣ ዓይናቸውም ከእኔ ላይ አይነሳም።

ስድስት ቀን ማለት ነው። ያን ሌሊት ተኝቻለሁ ብዬ አልዋሽም። ሰኞ ጠዋት ግን ከማልቀስ ይልቅ አንድ ነገር መሞከር ይሻላል ብዬ ተነሳሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ለምን ነው?

መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላሉን ነበር፤ አየሩ ከደረቀ አየሩን ማርጠብ። ለዶላሞ አንድ ሳፋ ውሃ አሸክሜ ላክሁት፣ ከወንበሩ ሥር እንዲያኖረው። ኃላፊው ሳፋውን ሲያይ ክው አለ። እርጥበቱን ለማባረር ነው ይህ ሁሉ ማሽን የመጣው፤ አንተ በሳፋ ትመልሰዋለህ? ብሎ በገዛ እጁ ደጅ ደፋው። ማክሰኞ ፊቱን በነጠላ ጠቅልሎ እንዲሄድ አደረግሁ። የጥርስ ሕመም መስሏቸው ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት ቅጠል አምጥተው አስነከሱት።

መላው የመጣልኝ ያንኑ ማክሰኞ ገበያ ውስጥ ነው። ቆጮ የምትሸጥ ሴት አጠገብ ቆሜ ነበር። በኮባ የተሸፈነው ቆጮ ከጠዋት ጀምሮ እርጥብ ነው፤ ዳር ተገልጦ የቀረው ግን ደርቆ እንደ ዶላሞ ክርን ተሰነጣጥቋል። ሴትየዋ የደረቀውን ዝም ብላ በኮባ አልሸፈነችውም። መጀመሪያ ውሃ ረጨችበት፣ ከዚያ ሸፈነችው።

ቆሜ ቀረሁ። ኮባው ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን ውሃ ይጠብቃል እንጂ። እኛ ደግሞ የደረቀ ቆዳ ላይ ነበር ቅቤ የምንለቀልቀው፤ ባዶ ድስት ከድኖ ወጥ እንደመጠበቅ። ያ ብቻ አይደለም። ዶላሞ የከብት ደም ነክቻለሁ እያለ ጠዋትና ማታ በልብስ ሳሙና፣ በሚፋጅ ውሃ፣ እግሩን በድንጋይ ሁሉ እየፈተገ ነው የሚታጠበው። ማሽኑ ያልመጠጠውን ሳሙናው ይጨርሰዋል።

ማታ ቤት ሕግ አወጣሁ። የልብስ ሳሙና ለልብስና ለመዳፍ ብቻ። ገላው በለብታ ውሃ ይታጠባል፣ በድንጋይ መፈተግ ቀርቷል። በፎጣ ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል፤ ገላው ገና እርጥብ እንዳለ ይቀባል። ካልሲና ረጅም ሱሪ ይለብሳል። በየሰዓቱ አንድ ኩባያ ውሃ ይጠጣል። ወንበሩም ከነፋሱ ፊት ይነሳል።

"ወንበሩ አይነሳም" አለ።

"ዶላሞ።"

"ሁሉን እሺ ብያለሁ። ወንበሩን ግን ተዪኝ። ግድግዳ ሥር ከተቀመጥኩ እንግዳ የሚመስለው ዘበኛ ነኝ።"

ሐናን አንስቼ ክንዱ ላይ አስታቀፍኩት። አያትና "ግድግዳ ሥርም ቢሆን ይሽከረከራል" አለ።

የቀረው የሚቀባው ነገር ነው። ቅቤ ክልክል ነው። ቫዝሊን ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ዓመት ሆኖታል። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ሐናን አዝዬ እራሴ ቢሮ ሄድኩና ለኃላፊው ችግሬን ነገርኩት። ወጣት ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ። ሐናን አየ፣ ዶላሞን አየ፣ ከመደርደሪያ አንድ ያልተከፈተ ትልቅ ቆርቆሮ አውርዶ ሰጠኝ። ንጹሕ ቫዝሊን ነው። የጣቱን ጫፍ በአልኮል እየጠረገ ከሆነ መስታወቱንም አያበላሽብኝም አለ።

ዶላሞ ተከትሎኝ ወጣ። በር ላይ ቆመ።

"ይሄ ለምን እንደመጣ ታውቂያለሽ?"

"ለምንድን ነው?"

"የከብት ሙቀት ሲለካ ቴርሞሜትሩ ይቀባበታል። ቴርሞሜትሩ የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"እና ፊቴ ላይ?"

"ቆርቆሮው አልተከፈተም እኮ፣ ዶላሞ።"

"አልተከፈተም። ግን የታሰበለት ቦታ አለው።"

ሆኖም ተቀባ። ረቡዕ ማታ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሐሙስ ማታ። እኔ ቆሜ ነው የማየው፤ እግሩን ብቻ ለራሱ ትቼለት። ዓርብ ላይ ከንፈሩ ገጠመ፤ ሳቀ፣ አልደማም። ፊቱ ወዛ። ተናኜ በራፏ ላይ ሆና አይታው "ታረቃችሁ መሰለኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት፣ በራሷ "እሺ"።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። እማማ ቦሼ ልጃቸውን በብርሃን በኩል አቁመው መረመሩት። ክንዱን በጥፍራቸው ጫሩ፤ ምንም የለም። አንገቱን ጫሩ፤ የለም። አቶ አንጁሎ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ሊነሱ ሲሉ እማማ ቦሼ "ሱሪህን ሰብስብ" አሉ። የቀኝ ቅልጥሙ እንደ መስታወት ነው። እኔ በሆዴ እየዘመርኩ ነበር።

የግራውን ሰበሰበ።

እማማ ቦሼ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አላቸው፣ ማንበብ ሲያገኙ አያልፉም። ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ "መቶ... አሥራ... ስምንት።"

ሽማግሌዎቹም ሊያዩት ጎንበስ አሉ።

"ይሄኛውን ለሥራ ትቼው ነው" አለ ዶላሞ። "አንድ ብቻ።"

በትዳራችን ውስጥ ዶላሞን በገዛ እጄ ላደርቀው የተመኘሁት ያን ሰዓት ብቻ ነው።

"ግማሹን ብቻ የምትይዝ ሚስት" አሉ እማማ ቦሼ፤ ብርድ ልብሱን ከተቀመጠበት አነሱ። አቶ አንጁሎ መሬት መሬት ያያሉ። ብያኔ ብያኔ ነው። ሐና ብርድ ልብሷን ስታይ የምትታዘል መስሏት እጇን ዘረጋች፤ የዘረጋችው ለእሳቸው ነበር።

በሩ ላይ ቆምኩባቸው። "እማማ፣ ይውሰዷት። ግን አስቀድመው አንድ ቀን ከልጅዎ ጋር ይዋሉ፣ ሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ። ምንም ካልሆኑ ሐናን እኔው ራሴ መኪናው ላይ አሳፍራታለሁ። አፌንም አልከፍትም።"

ጋሽ ውባየሁ ወዲያው ቀና አሉ። "ይሄ ፍርድ ነው" አሉ። "ምስክር ያስፈልጋል። እኔ አብሬ እውላለሁ።"

"ስድሳ ዓመት ፀሐይ የመታው ቆዳ ነው ይሄ" አሉ እማማ ቦሼ ክንዳቸውን እያሳዩ። ክንዳቸው በቅቤ ያበራል። "ማሽን ምን ሊያደርገው?"

ሰኞ ጠዋት ሦስቱ ተያይዘው ሄዱ። ያየሁት የለም፤ የማውቀው ጋሽ ውባየሁ የነገሩኝን ነው። በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ እማማ ቦሼ ራሳቸው አነበቡት። ልጃቸው የጻፈው መሆኑን ሲሰሙ ሁለተኛ አነበቡት። ከዚያ ያው ሕግ ነውና ቧንቧው ጋ ሄደው፣ በልብስ ሳሙና ፊታቸውንም ክንዳቸውንም እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ወዛቸው ሁሉ ከአረፋው ጋር ሄደ። እንዲህ እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ ላስጠነቅቃቸው ይገባ ነበር። አላስጠነቀቅኳቸውም።

ወንበሩ ላይ ደግሞ እኔም ያልጠበቅሁት ሆነ። ዶላሞ ወንበሩን ግድግዳ ሥር ጎትቶ "ተቀመጪ፣ እማዬ" ሲላቸው አዩት።

"እዚህ ጥግ? ሰው በሩን ሲከፍት ማንን ነው የሚያየው?"

"ነፋሱ እዚያ ይበረታል።"

"የዶላሞ እናት ጥግ ውስጥ አትቀመጥም" ብለው ወንበሩን ራሳቸው ከማሽኑ ፊት ለፊት አደረጉት። ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዞሩ፤ አንድ ጊዜ ወደ ግራ። ወደዱት። በር የከፈተ ሁሉ ሰላም እያላቸው ዋለ። ጋሽ ውባየሁ እስከ ሦስት ሰዓት ታገሉና ፀሐይ ለመሞቅ ወጡ። "ምስክርነቱን በመስኮት አደርገዋለሁ" ብለው ቀኑን ሙሉ ደጅ ቆመው፣ መስታወቱን እየጠረጉ ሲያዩ ዋሉ። ለምሳ የላክሁላቸውን ቆጮ እማማ ቦሼ እዚያው ወንበር ላይ ሆነው በሉ። እንዳይነሱ ብለው ውሃ እንኳ አልጠጡም። ጋሽ ውባየሁ በነገሩኝ ቁጥር ሥዕሉ ፊቴ ድቅን ይላል፤ አንዲት የገዘር እናት፣ ፀጉራቸው በነፋስ እየተነሳ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲዞሩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲሉ ሐናን አቅፌ በር ላይ ነበርኩ። ዶላሞ በካፖርቱ፣ እናቱ በልጃቸው ሹራብ። ቀረብ ሲሉ ፊታቸውን አየሁ። ዱቄት ቤት የዋሉ ነው የሚመስሉት። እጃቸው ነጥቷል፤ ከንፈራቸው በመሐል ተሰንጥቋል።

ተናኜም ከበርበሬዋ ኋላ ሆና አየቻቸው። የእሷ ነገር ደግሞ ያየችውን ሳትናገር አታሳልፍም።

"ውይ እማማ ቦሼ፣ ምነው እንዲህ አመድ መሰሉ?" አለች፤ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ ግን እኔ እንድሰማው። "እርስዎንም ጀመረችዎት? ምሳስ አልሰጠችዎትም?"

እማማ ቦሼ ቆሙ። እኔን አዩ፤ ሐናን አዩ፤ የራሳቸውን እጅ አዩ። ያን ሰዓት "አዎ" ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ጋሽ ውባየሁ ገና ከኋላ እየመጡ ነው፤ ዶላሞ ደግሞ እናቱን አይከራከርም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

"ሰጥታኛለች" አሉ። "ቆጮ ሰጥታኛለች። ጎመኑ ላይም ቅቤ ነበረበት። ልጄንም ትሰጠዋለች።" ከዚያ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን አወጡ። "እኔን ያደረቀኝ ማሽን ነው። ልጄንም ያደረቀው ማሽን ነው። ያላመነ ይሂድና ይቀመጥ፤ ወንበሩ ይዞራል። አንቺም ቅቤ ሲተርፍሽ ምላስሽን ቀቢበት፣ ደርቋል።"

ተናኜ በርበሬዋን ማንጓለል ጀመረች።

ቤት ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ሁለቱን እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ እኔም አልጠበቅሁም። "መጀመሪያ ውሃ ነው ያልሽው?" አሉኝ።

"መጀመሪያ ውሃ ነው፣ እማማ።"

ውሃ ለብ አድርጌ እጃቸውን፣ ፊታቸውን አጠብኩ። በነጠላ ጫፍ ነካ ነካ አደረግሁ። ገና እርጥብ እንዳለ ከቆርቆሮው በጣቴ እያወጣሁ ቀባኋቸው። እስከ ክርናቸው ስደርስ ዓይናቸውን ከድነው ነበር።

"ሽታ የለውም" አሉ። "ከቅቤ ይሻላል። ይሄ ለምንድን ነው የተሠራው?"

ዶላሞ አፉን ከፈተ። ዓይን ዓይኑን አየሁት። አፉን ዘጋው።

"ለቆዳ ነው" አልኩ።

"ታውቂያለሽ ልበል" አሉ እማማ ቦሼ።

ማክሰኞ ጠዋት የገዘር መኪና ጡሩንባውን ሲነፋ ባዶ ቅርጫታቸውን ብቻ ይዘው ወጡ። ሐና ጀርባዬ ላይ ነበረች። መኪናው ላይ ከተሳፈሩ በኋላ ጎንበስ ብለው እግሯን ያዙ፤ በጥፍራቸው ጫር ሊያደርጉት ሲሉ ተዉትና በመዳፋቸው አሻሹት።

"እንዳትወስጃት እዚያ ክፍል" አሉኝ።

"አልወስዳትም፣ እማማ።"

"እኔ ደግሞ ለፋሲካ እመጣለሁ። ወንበሩን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡት ንገሪው።"